ልብ ማንጠልጠል ወንጀል ነውን?

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይባላል። በእንግሊዝ አገር በ1860ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የልቦለድ ዓይነት ስም ወጣለት፤ ስሙ እንዲጣበቅበት ያደረጉት ግን ወላጆቹ ደራስያን ሳይሆኑ ከሳሾቹ ሃያስያን ነበሩ። «ሴንሴሽን ኖቭል» አሉት፤ ስሜት ቀስቃሽ፣ ነርቭ ነካኪ፣ ደም የሚያፈላ ልቦለድ ለማለት ነው። እኛ በአማርኛ «ልብ አንጠልጣይ» የምንለው የዚሁ ዘመድ ነው። በእኛም ዘንድ ቃሉ ሁለት ስለት አለው፤ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ሲታተም ሙገሳ ነው፣ በሃያሲ ብዕር ሲጻፍ ግን ስድብ ይሆናል። ጎረቤት የተቀበለው ስም ይኸው ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላም አልተፋቀም።

ይህ ጽሑፍ ሙግት ነው፤ ሙግቱም ከሁለት ወገኖች ጋር ነው። አንደኛው ወገን የእነ ዊልኪ ኮሊንስን፣ የእነ ሜሪ ኤልዛቤት ብራደንን፣ የእነ ኤለን ዉድን ሥራዎች «የጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ ከጥናት ደጃፍ የሚመልስ ነው። ሁለተኛው በሩን ይከፍትላቸዋል፤ የሚቀበላቸው ግን እንደ ምስክር ብቻ ነው። ስለ ጋብቻ ሕግ፣ ስለ እብዶች መጠለያ፣ ስለ ባቡርና ስለ ጋዜጣ የሚሰጡትን ቃል መዝግቦ ሲያበቃ ታሪኩን እንደ ቅርፊት ልጦ ይጥለዋል። የመጀመሪያው በግልጽ ይንቃል፤ ሁለተኛው በትሕትና ይንቃል። እኔ የምለው እነዚህ ልቦለዶች ሊጠኑ የሚገባቸው ልብ አንጠልጣይነታቸውን ይቅር ብለንላቸው ሳይሆን ስለ ልብ አንጠልጣይነታቸው ነው። የጠፋው ስም፣ የተፋቀው ሰነድ፣ ሞታለች የተባለችው ሴት በር ማንኳኳት የታሪክ ማጣፈጫ ቅመም አይደሉም፤ የዘመኑ እውነት ራሱ በዚያ መልክ የተቀነባበረ ነበርና።

አስቀድመን ክሱን እንስማ። በ1863 የኦክስፎርዱ ፈላስፋና ቄስ ሄንሪ ማንሰል «ኳርተርሊ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ላይ ረጅም ነቀፋ አወጣ። ማንሰል ተራ ሰው አልነበረም፤ ኋላ በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ ለመሆን የበቃ ሊቅ ነው። የክሱ ፍሬ ነገር እነዚህ መጻሕፍት ለአእምሮ ሳይሆን ለነርቭ ይሰብካሉ፣ አንባቢውንም እንደ ሱሰኛ ያደርጉታል የሚል ነበር። በ1864 የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ቶምሰን በአደባባይ አወገዛቸው። ራሷ ደራሲ የሆነችው ማርጋሬት ኦሊፋንት በ1862 «ብላክውድስ» መጽሔት ላይ የኮሊንስን ጥበብ ስታደንቅ ከቆየች በኋላ በ1867 ብዕሯን አሹላ ተመለሰች፤ በተለይ ያስቆጣት ሴት ገፀ ባሕርያት ሥጋዊ ምኞታቸውን ሳያፍሩ መናገራቸው ነበር።

አንባቢ ልብ ይበል። ማንሰል ለዚህ «በሽታ» መንስኤ ናቸው ብሎ የጠቆመው ሦስት ነገሮችን ነው፤ በየጊዜው የሚወጣውን መጽሔት፣ መጽሐፍ አከራዩን ቤተ መጻሕፍትና በባቡር ጣቢያ የተተከለውን መጽሐፍ መሸጫ። ከሦስቱ አንዱስ እንኳ የድርሰት ጉድለት ነውን? ሦስቱም መጽሐፍ ወደ ብዙ ሰው እጅ የሚደርስባቸው መንገዶች ናቸው። ባለ ሦስት ቅጽ አዲስ ልቦለድ በዚያን ዘመን 31 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይሸጥ ነበር። የሙዲ አከራይ ቤተ መጻሕፍት የዓመት ክፍያ ከ21 ሺሊንግ ይጀምር ነበር። የኮሊንስ «ነጭ የለበሰችው ሴት» ከኖቬምበር 1859 እስከ ኦገስት 1860 በተከታታይ የወጣችበት የዲከንስ ሳምንታዊ መጽሔት ግን ዋጋው ሁለት ፔንስ ነበር። የጋዜጣ ቴምብር ቀረጥ በ1855፣ የወረቀት ቀረጥ በ1861 ተነሥቷል። ለካስ የቤት ሠራተኛዋም እመቤቲቱም አንድ መጽሐፍ ያነቡ ጀምረዋል! በ1865 ብራደንን የነቀፈ አንድ ሃያሲ ያማረረው ይህንኑ ነበር፤ የማድ ቤት ንባብ ሳሎን ገባ ብሎ። የጥበብ ሚዛን መስሎ የቀረበው ነገር ውስጡ ሲፈተሽ የበር ጠባቂ ቁጣ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ፤ ያለ ሕጉ ታሪኩ አይገባንምና። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ያገባች ሴት በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ሰው አልነበረችም። ደመወዟም ተንቀሳቃሽ ንብረቷም የባሏ ነበር፤ ሀብታም ቤተሰብ በልዩ ውል ካላስጠበቀላት በቀር። በ1857 የፍቺ ጉዳይ ወደ ፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት እንዲሄድ የሚፈቅድ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ባል ሚስቱ ማመንዘሯን ብቻ አስረድቶ እንዲፈታት ሲፈቅድ፣ ሚስት ግን ከባሏ ምንዝር በተጨማሪ ጭካኔን፣ ጥሎ መሄድን፣ ሁለት ማግባትን ወይም ሌላ ከባድ በደል እንድታስረዳ ያስገድዳል። ሴቲቱ ያገኘችውን ደመወዝ የራሷ ማድረግ የቻለችው በ1870 ነው፤ የተሟላ የንብረት መብት ያገኘችው ደግሞ በ1882 ነው። ታላላቆቹ ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶች የተጻፉት ከ1857 በኋላና ከ1870 በፊት ነው። አዲሱ የፍቺ ፍርድ ቤት በ1858 ሥራ ሲጀምር ጋዜጦች ችሎቱን እየተከታተሉ ይዘግቡ ነበር፤ በክቡር ቤቶች መጋረጃ ጀርባ ያለው ጉድ ቁርስ ላይ ይነበብ ጀመር። በዚያው በ1858 ስመ ጥር ደራሲና ሚኒስትር የነበረው ኤድዋርድ ቡልወር ሊተን በአደባባይ ያዋረደችውን ሚስቱን ሮዚናን በእብዶች መጠለያ አስዘጋባት፤ ሕዝብ ሲጮህ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተለቀቀች። ይህ ከልቦለድ የተቀዳ አይደለም።

እንግዲህ «ነጭ የለበሰችው ሴት»ን በዚህ ብርሃን እንያት። ላውራ ፌርሊ 20,000 ፓውንድ አላት። የጋብቻ ውሉ ልጅ ሳትወልድ ከሞተች ገንዘቡ ለባሏ ለሰር ፐርሲቫል ግላይድ ይሁን ይላል። የቤተሰቡ ጠበቃ ይቃወማል፤ አሳዳጊ አጎቷ ግን ንትርክ ስለሚያደክመው ይስማማል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከዚያች ውል ይወለዳል። ላውራን የምትመስል፣ ከእብዶች መጠለያ ያመለጠች አን ካትሪክ የምትባል ምስኪን ሴት አለች። አን ስትሞት በላውራ ስም ትቀበራለች፤ ላውራም በአን ስም መጠለያ ትገባለች። «የማይመስል ነገር!» ይላሉ ነቃፊዎች። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ላውራ በሠርጓ ዕለት ምን ሆነች? ስሟን አጣች፣ በገንዘቧ ማዘዝ አቃታት፣ በሕግ ፊት የነበራት ህልውና በባሏ ተዋጠ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ስም ሕጉ አስቀድሞ የፈጸመውን ግድያ መዘገበ እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ኮሊንስ ይህን ያውቃል፤ በ1851 የጥብቅና ማዕረግ ያገኘ የሕግ ሰው ነውና። ታሪኩንም በችሎት ፊት እንደሚቆሙ ምስክሮች ተራ በተራ ያስነገረው ያ ጉዳይ እውነተኛ ችሎት ፊት ሊቀርብ ስለማይችል ነው። የሰር ፐርሲቫልስ ምስጢር ምንድን ነው? በቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ላይ በሐሰት የተጨመረች አንዲት ጽሑፍ! ወላጆቹ አልተጋቡም፤ ማዕረጉም ርስቱም የቆመው በዚያች ላይ ነው። ሴቲቱን ከመዝገብ የፋቀው ሰው ራሱ በተጭበረበረ መዝገብ የሚኖር ነው። ይህን ያህል ነገር በሴራ አወቃቀር ብቻ መናገር የቻለ ደራሲን «ተራ» ማለት ይቻላል?

የብራደን «የእመቤት ኦድሊ ምስጢር» (1862) ከዚህም ይከፋል፤ ይህን የምለው ለማወደስ ነው። ባሏ ሕፃን አስታቅፏት፣ ሳይነግራት ወደ አውስትራሊያ ወርቅ ፍለጋ የጠፋባት ድሃ ሴት ስሟን ለውጣ አስተማሪ ትሆናለች፤ ከዚያም ባለጠጋ ሽማግሌ ታገባለች። የመጀመሪያው ባል ሲመለስ ወደ ጉድጓድ ትገፈትረዋለች። በመጨረሻ ስትያዝ ቤተሰቡ ሐኪም ያስጠራል። ሐኪሙም የሠራችውን ሁሉ ሰምቶ መጀመሪያ የሚሰጠው ፍርድ የመጽሐፉ እንብርት ነው፤ እብድ አይደለችም ይላል። ከቤቷ የወጣችው ቤቱ ስለማይመች ነው፤ ሁለተኛ ያገባችው ሀብትና ማዕረግ ስለሚያስገኝላት ነው፤ በዚህ ውስጥ እብደት የለም። ከዚያ ጥቂት ካነጋገራት በኋላ በዘር የመጣ ድብቅ እብደት ያገኝባታል፤ አደገኛም ናት ይላል። ቤተሰቡም በሌላ ስም ቤልጅግ ወስዶ ይዘጋባታል። አንባቢ ሆይ፣ ሐኪሙን በሁለቱ ፍርዶች መካከል ምን ለወጠው? ብራደን አትነግረንም፤ ጥያቄውን እንደተንጠለጠለ ትተወዋለች። ማንጠልጠል ማለት ይህ ነው። ብራደን ይህን መጽሐፍ በመታሰቢያነት ያበረከተችው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሚስቱን ላስዘጋባት ለዚያው ለቡልወር ሊተን ነው፤ የድርሰት መካሪዋ ነበርና። ብራደን ራሷም ሕጋዊ ሚስቱ በአእምሮ ሕመም ተጠልላ ከምትኖር አሳታሚ ጋር ለዓመታት ኖራ፣ ልጆችም ወልዳለት፣ ሚስቲቱ ከሞተች በኋላ በ1874 ያገባችው ሴት ናት። ስለ ምን እንደምትጽፍ ታውቅ ነበር።

ስለ ኤለን ዉድ «ኢስት ሊን» (1861) አንድ ነገር ብቻ ልበል። ትዳሯን ጥላ የኮበለለችው ኢዛቤል በባቡር አደጋ መልኳ ተበላሽቶ፣ የገዛ ልጆቿን ለማስተማር በሌላ ስም ተቀጥራ ወደ ቀድሞ ቤቷ ትመለሳለች። ልጇ እናቱ መሆኗን ሳያውቅ ዓይኗ እያየ ይሞታል። ይህን አንብቦ ያለቀሰው ሕዝብ ተታለለ ይሉናል። የተፈታች ሴት ልጆቿን የምታየው በምን መንገድ ነበር ብለን ብንጠይቅ ግን፣ ለእንዲህ ያለችው ሴት ያ ቤት ዳግመኛ የሚከፈተው ሌላ ሰው ሆና ስትመጣ ብቻ እንደነበር እንረዳለን።

ባሕሩን ተሻግረን አሜሪካ ስንገባ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ጆርጅ ሊፓርድ ከ1844 እስከ 1845 ባወጣው «ኩዌከር ሲቲ» የፊላደልፊያን ጨዋ ነን ባዮች በአንድ የወንጀል ቤት ሰብስቦ ጉዳቸውን አፍረጥርጧል። በ1859 «ኒው ዮርክ ሌጀር» ላይ የወጣው የሳውዝዎርዝ «ስውሯ እጅ» ጀግናዋ ካፒቶላ በኒው ዮርክ ጎዳና የወንድ ልብስ ለብሳ ትገኛለች፤ ለምን ቢሉ ወንድ ልጅ ሥራ ያገኛል፣ ሴት ልጅ ግን አታገኝም። ሳውዝዎርዝ ራሷ ባሏ ጥሏት ሁለት ልጆች በማስተማርና በብዕሯ ያሳደገች ናት። እንዲህ ያሉትን ሴቶች ናትናኤል ሆውቶርን በ1855 ለአሳታሚው በጻፈው ደብዳቤ እየረገመ የጫጫሪ መንጋ አድርጎ ቆጥሯቸዋል። ርግማኑም ለብዙ ዘመን የትምህርት ቤት ሕግ ሆኖ ቆየ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሉዊዛ ሜይ አልኮት ነገር ነው። ዓለም የሚያውቃት «ትናንሽ ሴቶች» በሚለው የጨዋ ቤተሰብ መጽሐፏ ነው። ይህችው ሴት ኤ. ኤም. ባርናርድ በሚል የብዕር ስም በ1866 «ከጭምብሉ ጀርባ» የሚል ታሪክ አሳትማለች። ልጅ እግር መስላ በአስተማሪነት የተቀጠረችው ጂን ሙር መኝታ ክፍሏን ዘግታ ሰው ሠራሽ ፀጉሯንና ጥርሷን ስታወልቅ የሠላሳ ዓመት ተዋናይት ሆና ትገለጣለች፤ ቤተሰቡን በሙሉ አታልላ የቤቱን ባላባት ታገባለች፤ ሳትቀጣም ታሸንፋለች! የብዕር ስሙን ምስጢር ሊዮና ሮስተንበርግ በ1943 ይፋ አወጣችው፤ ጓደኛዋ ማደሊን ስተርን ደግሞ ታሪኮቹን በ1975 ሰብስባ አሳተመቻቸው። እነዚህ ሁለት ሴቶች የተመሰገኑ ይሁኑ። በ«ትናንሽ ሴቶች» ውስጥ ጆ የምትጽፋቸውን ልብ አንጠልጣይ ታሪኮች አንድ የተከበረ ፕሮፌሰር ስላሳፈራት ምድጃ ውስጥ ታቃጥላለች። አልኮት ግን የራሷን አላቃጠለችም፤ ደብቃ አተመቻቸው፣ ቤተሰቧንም መገበችባቸው። የትምህርት ቤት ሥርዓታችን ፕሮፌሰሩን አመነ፤ ደራሲዋን አላመነም።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልመለስ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነ ኢሌን ሾዋልተር እነዚህን ደራስያን ከአቧራ አንሥተዋቸዋል፤ ውለታቸው አይካድም። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ልማድ ግን ያሳዝናል። ተማሪው ስለ 1857ቱ አዋጅ ሊያውቅ ልቦለዱን ይከፍታል፤ አዋጁን ያገኝና መጽሐፉን ይዘጋል። አዋጁን ለማወቅማ አዋጁ ራሱ አለ! ሕጉን የሚነግረን ሰነድ ሞልቷል። በዚያ ሕግ ሥር ማደር ምን እንደሚመስል፣ የራስን ባል እግር ኮቴ ከደረጃው ላይ ሰምቶ መደንገጥ ምን እንደሆነ፣ ቤትን እንደ መጠጊያ ሳይሆን እንደ ማስረጃ ማንበብ እንዴት እንደሚጀመር የሚያስተምረን ግን የታሪኩ አነጣጠል ነው። አንባቢው ከሳምንት ሳምንት እየጠበቀ፣ እየጠረጠረ፣ ጥርጣሬውንም ወደ ገዛ ቤቱ እየወሰደ ኖሯል። ማንሰል ይህን ከዛሬ ተንታኞች በተሻለ ገብቶት ነበር፤ የፈራው በከንቱ አልነበረም። ጠላት ያወቀውን ኃይል ወዳጅ ሲያፍርበት ማየት ምንኛ ያስገርማል።

ደካማ ጎናቸውን አልሸሽግም። ብራደን በጥድፊያ ትጽፍ ነበር፤ በብዙዎቹ መጻሕፍት አጋጣሚ ከመጠን በላይ ይሠራል፤ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ጥፋተኛዋ ሴት ትሞታለች ወይም ትዘጋለች፣ ጨዋው ቤተሰብም እፎይ ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን አንባቢው እስከዚያች ምዕራፍ ድረስ መቶዎች ገጾችን ከማን ጋር ተጓዘ? ከጥፋተኛዋ ጋር ፈራ፣ ከእርሷ ጋር ዋሸ፣ ከእርሷ ጋር ተሸሸገ። የመጨረሻዋ ምዕራፍ የፖሊስ ናት፤ የቀሩት ሁሉ የእርሷ ናቸው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከሩቅ አገር ወሬነት የሚያልፍ ነገር አለው። የኮሊንስ «የጨረቃ ድንጋይ» በሳምንታዊው መጽሔት የወጣችው ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት 1868 ነው። መቅደላ የወደቀችው፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን የሠዉት በዚያው ዓመት ኤፕሪል 13 ቀን ነው። የተዘረፈው ቅርስ በደላንታ ሜዳ በጨረታ በተሸጠበት ሰሞን፣ የለንደን አንባቢ ስለ ምን ያነብ ነበር? በ1799 የእንግሊዝ ጦር የሕንዷን ሴሪንጋፓታም በወረረ ጊዜ አንድ መኮንን ገድሎ ስለ ዘረፈው ቅዱስ አልማዝ! ኮሊንስ ስለ መቅደላ ጻፈ አላልኩም፤ መጽሐፉ የሕንድ ነው። ነገር ግን መርማሪው አልማዙን ማን ሰረቀ እያለ የባላባቱን ቤት ሲበረብር፣ አንባቢው ከመግቢያው ጀምሮ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ያ ቤት መጀመሪያውኑ የተሰረቀ ዕቃ ተቀባይ ነው። በመጨረሻም አልማዙ ወደ ሕንድ፣ ወደ አምላኩ ግንባር ይመለሳል። ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ግምጃ ቤት ተዘግቶባቸው በቀሩበት ዓለም፣ በ1868 የተዘረፈን ነገር ለባለቤቱ የመለሰ መጽሐፍ «የጊዜ ማሳለፊያ» የተባለው ልቦለድ ነው።

ሌላም አለ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ፖሊን ሆፕኪንስ ከ1902 እስከ 1903 በ«ከለርድ አሜሪካን ማጋዚን» ያወጣችው «ከአንድ ደም» የዚህን ልቦለድ ዘዴ በሙሉ ይዞ ይነሣል፤ የተደበቀ ትውልድ፣ የሐሰት ስም፣ ሞታ የተነሣች ሴት፣ ሳይተዋወቁ የተጋቡ ወንድምና እኅት። በኮሊንስ እጅ የአንድ ባላባት ቤት ምስጢር የነበረው፣ በሆፕኪንስ እጅ የባርነት ምስጢር ይሆናል፤ ጌታው ከባሪያው የወለዳቸው ልጆች ማን ማን እንደሆኑ የማያውቁባት አገር ራሷ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ናትና። ነጭ መስሎ የሚኖረው የሕክምና ተማሪ ሩኤል ብሪግስ የማንነቱን ፍቺ የሚያገኘው የት ይመስላችኋል? በኢትዮጵያ፤ በሜሮዌ ፍርስራሽ ሥር በተሸሸገች ከተማ፣ የነገሥታት ዘር ሆኖ። የሆፕኪንስ ኢትዮጵያ የጥንቷ ኑብያና ሕልም የተቀላቀሉባት ናት፤ የእኛዋን አገር በእርሷ አንለካም። ከዓድዋ ድል ስድስት ዓመት በኋላ ግን አንዲት ጥቁር ሴት የተቀማ ስሟን ለማስመለስ ከሁሉም የጽሑፍ ዓይነት ይህን የተናቀውን መርጣ፣ መዳረሻውንም ኢትዮጵያ አድርጋለች። መሣሪያው ከንቱ ቢሆን ባልመረጠችው።

እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሆይ፣ ዲከንስን ስታስተምሩ አጠገቡ ተቀምጦ ይጽፍ የነበረውን ኮሊንስን አትዝለሉት፤ «ትናንሽ ሴቶች»ን ስታነቡ ጭምብሉን አብራችሁ ግለጡ። ተማሪው ሕጉን በአንድ እጁ፣ ልቦለዱን በሌላው ይዞ ያንብብ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ቢያጣበትም ስለ ምን እንዳጣ ይጻፍ እንጂ አይፈርበት። በዚህ ሙግት የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ እንቀበለዋለን። አስቀድሞ ግን የእመቤት ኦድሊን ሐኪም ሁለት ፍርዶች አንብቦ ይምጣና፣ ሴትየዋ እብድ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ይንገረን።